በጥሩምባ ያንሾካሾከው ሰው

ጥሩምባ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የጦር ሠራዊት ሰልፍ፣ ወይም በማለዳ ለቀብር የሚጠራን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ይሁን እንጂ ይኸንኑ መሣሪያ ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ የነፋ አንድ አሜሪካዊ ነበር፤ እርሱም ቼት ቤከር ይባላል።

ቼት ቤከር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ዬል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ጊታር መቺ የነበረው አባቱ በመጀመሪያ ትሮምቦን ሰጠው፤ ነገር ግን መሣሪያው ለልጁ ስለ ከበደው በትራምፔት ተለወጠለት። በ1946 ወታደር ሆኖ በርሊን በሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አገለገለ።

በ1952 ሎስ አንጀለስ ላይ ከስመ ጥሩው ሳክስፎን ነፊ ከቻርሊ ፓርከር ጋር ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ጄሪ ማሊገን ካቋቋመው የአራት ሰዎች ጓድ ገባ። ይህ ጓድ ፒያኖ አልነበረውም። ስለዚህ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንዱ ሲናገር ሌላው እየሰማ፣ ተራ እየጠበቀም እየመለሰ፣ እንደ ሁለት ጨዋ ሰዎች ይጨዋወቱ ነበር። «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» የተባለውን ዜማ በሸክላ ያስቀረጹት ያን ጊዜ ነው።

ኩል ጃዝ የተባለው ይህ ረጋ ያለ ሙዚቃ ደስታው ከዚህ ላይ ነው። ቤከር ከፍ ያለውን ድምፅ ለማሳየት አይሽቀዳደምም፤ ድምፁንም እምብዛም አያንቀጠቅጥም። ጥቂት ኖታ ይነፋል፤ ዝም ይላል። ዝምታውን የምንሞላው እኛ አድማጮቹ ነን።

ሕይወቱ ግን እንደ ዜማው የረጋ አልነበረም። የሄሮይን ሱስ ያዘው፤ በ1960 ኢጣልያ ውስጥ ታስሮ ከአንድ ዓመት በላይ በወህኒ ቤት ቆየ። በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ፤ በኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ። ትራምፔት ነፊ የመሣሪያውን አፍ የሚያሳርፈው በከንፈሩና ከከንፈሩ ኋላ ባሉት ጥርሶች ላይ ስለ ሆነ፣ ይህ ለእርሱ እጅን ከማጣት አይተናነስም። እርሱ ግን እንደ ጀማሪ ተማሪ አነፋፉን እንደ ገና ተማረ፤ በ1970ዎቹም ወደ መድረክ ተመለሰ።

አንዳንዶች የጥበቡ ምንጭ ዕፁ ነው ብለው ያስባሉ። እኛ ግን አንስማማም። ዕፁ ወህኒ አወረደው እንጂ ከንፈሩን አላቀናለትም፤ ያቀናለት ትዕግሥትና ልምምድ ነው። በግንቦት ወር 1988 አምስተርዳም ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሲሞት ዕድሜው 58 ነበር፤ ሱሱም አብሮት ነበር። ሸክላዎቹ ዛሬም ይሰማሉ፤ የሚያዳምጣቸውም ሰው ራዲዮኑን ከፍ ማድረግ አያሻውም፤ ጠጋ ማለት ይበቃዋል።