ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ሕይወታቸውና ስለ ንግድ የነበራቸው አስተሳሰብ

የመጽሔታችን አዘጋጆች በታዳጊ አገሮች መካከል ስለሚደረገው ንግድ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት የስምምነቶችንና የጉባኤዎችን ታሪክ ለመጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ የማኅበራችን አባላት ስለ ጉባኤዎች ከበቂ በላይ እንደሚያነቡ ስለማውቅ፣ ነገሩን ከአንድ ሰው ሕይወት ተነሥቼ መመልከትን መረጥሁ። የመረጥኋቸውም ሰው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ለዚህ ምርጫ ምክንያት የሆነኝ በመርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ያየሁት ነገር ነው። ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጅማና ወደ ወሎ የሚሄደው መንገደኛ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሳፈርበት በኖረው በዚህ ሥፍራ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ የአገሪቱን ንግድ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ያገኘዋል። ከገጠር የሚወርደው ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጌሾና ሌጦ ነው። ወደ ገጠር የሚጫነው ደግሞ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ብትን ጨርቅ፣ ጫማና ብርድ ልብስ ነው። የሸቀጡ ምንጭ በየዘመኑ ተለዋውጧል። አያቶቻችን የአሜሪካንና የጃፓንን ጨርቅ ይለብሱ ነበር፤ እኛ የቻይናን፣ የሕንድንና የቱርክን እንለብሳለን። የሚወርደውና የሚጫነው ዓይነት ግን ብዙም አልተለወጠም። ገብረ ሕይወት ሊመረምሩት የተነሡት ይህንኑ ልውውጥ ነበር።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ውስጥ ያገለግሉ የነበሩ ሲሆን፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ሕፃኑ በዚያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዘመኑም ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው፣ ከብቱ በበሽታ ሰዉም በረኃብ ያለቀበት ዘመን በመሆኑ፣ አባት የሌለው የትግራይ ልጅ ዕጣ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ልጁ ግን ወደ ምጽዋ ወርዶ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ለመግባት በቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። እንደሚተረከው፣ ገብረ ሕይወት ከጓደኞቻቸው ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ለማየት ወጡ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹ ወርደው ሲመለሱ እርሳቸው ግን በውስጡ ቀሩ። የመርከቡ አዛዥም በመጨረሻ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ በአደራ ሰጣቸው። ስለ ቀረጥ ብዙ የሚያስቡት እኚህ ሰው፣ አውሮፓ የገቡት ራሳቸው በሰነድ ሳይመዘገቡ መሆኑ ለእኛ ለነጋዴዎች ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው። በዚያም የጀርመንኛን ቋንቋ አጠናቀው ተማሩ፤ በበርሊንም ሕክምና እንዳጠኑ ይነገራል።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አፄ ምኒልክ በሕመም ላይ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱም ማን ይተካ ይሆን በሚል ጥያቄ ተከፋፍሎ ነበር። ገብረ ሕይወት ንጉሠ ነገሥቱን ለማከም ከመጡት ጀርመኖች ጋር በአስተርጓሚነት ሠሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ በሕመምተኛው ንጉሥ አልጋ አጠገብ የሚገኝ፣ የባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ጠላት አያጣም። ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ከአገር ወጡና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከስደቱም ሲመለሱ ታመው ምጽዋ ላይ ሆስፒታል ገቡ።

የመጀመሪያው ሥራቸው አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ፣ በዚያው የስደትና የሕመም ዘመን ማግሥት በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሥመራ ታትሞ ወጣ። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይዘቱ ደፋር ነው። ወታደሩ በገበሬው ላይ ተጭኖ የሚኖርበትን ሥርዓት ነቀፉ። የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብሩ ተወስኖ እንዲታወቅ፣ የገንዘቡ ዓይነት አንድ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ለልጅ ኢያሱ መንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። አውሮፓን ሳትገዛ የአውሮፓን ዕውቀት የወረሰች አገር አድርገው በምሳሌነት ያቀረቧት ጃፓንን ነበር። ስለ ጃፓን ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ወደ አገር ከተመለሱም በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተብለው ተሾሙ። ለወጣት አባሎቻችን ይረዳ ዘንድ፣ ነጋድራስ ማለት ቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ማለት ነበር። በምኒልክ ዘመን ግን ሹመቱ ቀረጥ መሰብሰብን፣ ገበያን መጠበቅንና የነጋዴን ክርክር መዳኘትን የሚያጠቃልል ሆነ። ድሬዳዋም በዚያን ጊዜ እንደ ሌሎቹ ከተሞች አልነበረችም። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለብዙ ዓመታት በዚያ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ የሚወጣበት፣ አቡጀዲውና የብረቱ ዕቃ የሚገባበት ዋናው በር ድሬዳዋ ነበረች። ሕንዱ፣ የመኑ ዐረብ፣ ግሪኩና አርመኑ በዚያ በር ይተላለፉ ነበር። ገብረ ሕይወት የቀረጡን መዝገብ በየቀኑ የሚያገላብጡ ሹም በመሆናቸው፣ ሌሎች ጸሐፊዎች በሩቁ የሚያወሩትን ንግድ እርሳቸው ከነሚዛኑና ከነጆንያው ያውቁት ነበር። የሁለተኛው መጽሐፋቸው ዋጋ የሚመነጨውም ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይባላል። ጭብጡን በራሴ አነጋገር ላስረዳ። ሀብት ማለት ወርቅና ብር አይደለም፤ የሰው ድካም ከዕውቀት ጋር ተጋብቶ የሚያፈራው ፍሬ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ዕቃ ይሠራል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ድካም ጥቂት ያገኛል። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በገበያ ሲገናኙ፣ ያልተማረው ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ ይወስዳል። በዋጋ የተስማሙ ቢመስሉም የብዙ ቀን ድካም ከጥቂት ሰዓት ድካም ጋር ይለወጣል። ገበሬው ወራት ሙሉ ቀፎውን ጠብቆ፣ ንቡን አጥኖ፣ ማሩን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ያደርሳል። በዋጋውም ፋብሪካ በየደቂቃው የሚተፋውን ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይመለሳል። ይህ ምሳሌ የእኔ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእርሳቸው ነው። እንዲህ ያለው ልውውጥ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አንዱ ሕዝብ እየከበረ ሌላው የእርሱ ጥገኛ እየሆነ ይሄዳል።

በዚህም የተነሣ ስለ ምድር ባቡሩ የነበራቸው አስተያየት ከዘመኑ ሰዎች የተለየ ነበር። ብዙዎቹ ሐዲዱ በደረሰበት ሁሉ ሥልጣኔ የሚደርስ ይመስላቸው ነበር። ገብረ ሕይወት ግን ሕዝቡ ካልተማረና የሚሠራው ነገር ከሌለ፣ ባቡሩ የባዕድ ሸቀጥን በርካሽ ከማስገባትና የአገሪቱን ጥሬ ሀብት በፍጥነት ከማውጣት በቀር የሚያመጣው በረከት እንደሌለ ተከራከሩ። ይህን የሚሉት የዚያው ባቡር ተቆጣጣሪ የነበሩ ሰው መሆናቸውን ልብ ይሏል።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ገብረ ሕይወት ጥፋቱን አብዝተው የጫኑት በገዛ ወገናቸው አለማወቅ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የወዳጅነትና የንግድ ውል፣ በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳያልፍ ወስኖት ነበር። ሌሎቹ መንግሥታትም በዚያው ውል ተጠቃሚ ሆነዋል። እንግዲህ የድሬዳዋው ነጋድራስ የአገር ውስጥ ሸማኔን ለመጠበቅ ቀረጥ ከፍ ላድርግ ቢል እንኳ እጁ የታሰረ ነበር። የታወቀ ሸማኔ ያላት አገር አቡጀዲ ለባሽ የሆነችው ባለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ውሉም ድርሻ ነበረው።

አሁን ወደ ጃፓን ልመለስ። ገብረ ሕይወት በምሳሌነት ያቀረቧት ጃፓን፣ እርሳቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያን የጥጥ ጨርቅ ገበያ ከአሜሪካኖች ነጥቃ ያዘች። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከውጭ የሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ተደስተዋል፤ ትናንት ከእኛ ጋር ኋላ ቀር ትባል የነበረች የእስያ አገር ነጮቹን አሸነፈች ብለዋልና። ሆኖም በልውውጡ ዓይነት የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቆዳና ቡና ወጣ፤ ጨርቅ ገባ። ሻጩ ጠይም ወይም ነጭ በመሆኑ የገበሬው ድካም ዋጋ አልጨመረም።

ይህ ነጥብ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በ1956 ዓ.ም. በጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ሲደረግ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 77 ታዳጊ አገሮች በአንድ ድምፅ ለመናገር ተባበሩ። የጉባኤው ዋና ጸሐፊ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ነበሩ። ፕሬቢሽ ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች ከፋብሪካ ባለቤቶች ጋር በሚያደርጉት ልውውጥ ሚዛኑ እያዘነበለባቸው እንደሚሄድ ያስረዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ገብረ ሕይወት ተመሳሳዩን ነገር በአማርኛ የጻፉት ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብለው ነበር። በጄኔቫ የተሰበሰቡት ልዑካን ግን ይህን አላወቁም።

ከጄኔቫ በኋላ የመጣው ሐሳብ ታዳጊ አገሮች እርስ በርሳቸው ይነግዱ የሚል ነው። በ1974 ዓ.ም. በሉሳካ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የተፈራረሙት የልዩ ተጠቃሚነት የንግድ ቀጣና፣ በኋላም ኮሜሳ፣ በ2010 ዓ.ም. በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ሁሉም ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። የእኛም ሙያ በአብዛኛው በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ትርዒት እናዘጋጃለን፤ ልዑክ እንቀበላለን፤ ነጋዴን ከነጋዴ እናገናኛለን። በዓመቱ መጨረሻም የተፈረመውን ውል ብዛት ቈጥረን ሪፖርት እናደርጋለን።

የድሬዳዋው ነጋድራስ ሪፖርታችንን ቢያዩት ግን የውሉን ብዛት ትተው የሚጠይቁት ሌላ ነገር ይመስለኛል። ወደ ቻይና የምንልከው በዋናነት ሰሊጥ፣ ቡናና ቆዳ ነው፤ የምናስገባው ማሽንና ሸቀጥ ነው። ቻይና ራሷን ከታዳጊ አገሮች ስለምትቈጥር ይህ በመዝገባችን የታዳጊ አገሮች ንግድ ተብሎ ይጻፋል። በነጋድራሱ ሚዛን ሲታይ ግን ያው የአቡጀዲው ልውውጥ ነው። ከጎረቤቶቻችን ጋርም ቢሆን ቡና አምራች ለቡና አምራች ብዙ የሚሸጠው የለውም። የተለየ መልክ ያለው በ2004 ዓ.ም. በዱከም ሥራ የጀመረው የቻይናው የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ዓይነት ነው። ፋብሪካው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ወደ ቻይና ልኮ አሠልጥኗል። ነጋድራሱ ወደ ውጭ የተላከውን ጫማ ቁጥር ከመጠየቃቸው በፊት፣ ከሠለጠኑት መካከል የራሱን ወርክሾፕ የከፈተ ስንት ነው ብለው የሚጠይቁ ይመስለኛል። ይህን ጥያቄ በሪፖርታችን ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ብንሰጠው የሚያስቸግር ነገር አይታየኝም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለተኛው መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ነበር። ወዳጃቸው ጳውሎስ መናመኖ ጽሑፉን ጠብቀው ለማተሚያ ቤት አበቁትና በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። በዘመኑ ከነበሩት ጥቂት አንባብያን አልፎ ለብዙ ጊዜ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ኖረ። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በለንደን የታተመው በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይኸውም ፕሬቢሽ ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።