ፈቃድ ያልነበረው ፓስተር

እ.ኤ.አ. በ1822 ፈረንሳይ ውስጥ ከቆዳ ፋቂ አባት የተወለደው ሉዊ ፓስተር ኬሚስት እንጂ ሐኪም አልነበረም፡፡ ጁላይ 6 ቀን 1885 ግን ውሻ ክፉኛ የነካከሰውን የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተርን፣ ፓሪስ ውስጥ በሐኪም እጅ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋው፡፡

ይህ ቫይረስ በራሱ አይራመድም፡፡ ነርቭ ውስጥ ገብቶ፣ ሕዋሱ የገዛ ዕቃውን በሚያመላልስበት ሐዲድ ላይ፣ ዳይኒን በሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን እየተጎተተ ወደ አንጎል ያቀናል፡፡ ከንክሻው እስከ ሕመሙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ፡፡ ክትባቱ የሚቀድመው በዚህች ፋታ ነው፡፡ ፓስተር ተሸካሚውን አያውቅም፤ ቫይረሱንም አላየውም፤ ፋታ መኖሩን ግን ያውቃል፡፡

በ1895 ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተመረመሩት ማስታወሻዎቹ፣ ያንን ዘዴ በውሾች ላይ ሞክሮ እንዳልጨረሰ አሳይተዋል፡፡ እንደ ሕግ ሰው ካየሁት የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው፡፡ ልጁ ግን ተረፈ፤ አድጎም የፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆነ፡፡