ይድነቃቸው ተሰማ፡ ከኳስ ሜዳ እስከ ዓለም አቀፍ ጉባኤ

የአፍሪካ ዋንጫ በሚካሄድበት ወቅት ከካይሮ እስከ ጆሃንስበርግ፣ ከዳካር እስከ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞኗ አዘና ድረስ ውድድሩን በጉጉት የሚከታተለው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የለውም። ይህ ውድድር ገና ሲጠነሰስ የዘርና የቀለም ልዩነት የማይታይበት መድረክ እንዲሆን ከታገሉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሱት ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመን ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ዕውቁ ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግር ኳስ ነው።

ወጣቱ ይድነቃቸው አዲስ አበባ በሚገኘው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ እግር ኳስ በዋናነት የከተማዋ የውጭ አገር ማኅበረሰቦችና የጥቂት ተማሪዎች ጨዋታ ነበር። በ1928 ዓ.ም በአራዳ ወጣቶች የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተቀላቀሉ። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በፋሺስት ኢጣሊያ ተወረረች። ወራሪው ኃይል በመኖሪያ ሰፈር፣ በመዝናኛና በስፖርት ሥፍራዎች ሳይቀር ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ሕግ ደነገገ፤ ክለቡም ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። በአገራቸው መሬት በቀለማቸው ምክንያት ተለይተው መጫወታቸው በወጣቱ አእምሮ ውስጥ የማይፋቅ ምልክት እንዳኖረ የኋላ ሥራቸው ይመሰክራል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም በተካሄደው የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር የኢጣሊያውያኑ ፎርቲቱዶ፣ የአርመናውያኑ አራራት፣ የግሪካውያኑ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ጦር ቡድን ተካፋይ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንን የወከለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን አነሳ። ትናንት ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተፈርዶባቸው የነበሩት ወጣቶች ከሌሎች ጋር እኩል ተሰልፈው ማሸነፋቸው በወቅቱ ለነበረው ሕዝብ ከስፖርት በላይ ትርጉም ነበረው። አቶ ይድነቃቸው ለዚሁ አንድ ክለብ እስከ 1950 ዓ.ም ድረስ ከሃያ ዓመታት በላይ የተጫወቱ ሲሆን፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል።

ይሁን እንጂ አቶ ይድነቃቸውን ከዘመናቸው ተጫዋቾች ለየት የሚያደርጋቸው ገና በሜዳ ላይ ሳሉ የጽሕፈት ቤት ሥራን አስፈላጊነት መረዳታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትሳተፍ በተደረገው ጥረትም ድርሻቸው የጎላ ነበር።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 በካርቱም ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለመመሥረትና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማካሄድ ተሰባሰቡ። የአፓርታይድ ሥርዓትን የምትከተለው ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ቡድን ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እንጂ የተቀላቀለ ሊሆን እንደማይችል አስታወቀች። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት አቶ ይድነቃቸውና የሱዳንና የግብፅ አቻዎቻቸው ይህን ሐሳብ አልተቀበሉትም። መሥራች አባል የሆነች አገር ከውድድሩ ውጭ መሆኗ አዲሱን ድርጅት ገና በጠዋቱ ሊያዳክመው ይችል ነበር፤ እነርሱ ግን በሦስት አገሮች ብቻ መጀመርን መረጡ። ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልታደርገው የነበረው ግጥሚያ በመቅረቱ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲካሄድ አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የተመራው ቡድን በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ካደረገ በኋላ፣ በጭማሪው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ግቦች 4 ለ 2 አሸንፎ ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ አስገኘ።

በዚያው ዘመን ትግሉ ወደ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ ተሸጋግሮ ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 ቢያግድም በ1963 እገዳውን አነሳ። ነፃነታቸውን የተቀዳጁ የአፍሪካ አገሮች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ግን በጉባኤው ያላቸው ድምፅም በዚያው ልክ በረከተ። በ1964 በቶኪዮ በተካሄደው ጉባኤ እገዳው እንደገና ጸና። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አገሮች ለአህጉሪቱ የራሷ የሆነ ቦታ ባለመመደቡ ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ራሳቸውን አገለሉ። ውጤቱም አልዘገየም፤ ለ1970ው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ አንድ ቦታ አገኘች። ይህ ቁጥር በ1982 ወደ ሁለት ከፍ አለ።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በኃላፊነት ዘመናቸው፣ በ1976 በሞንትሪያል በተካሄደው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። ድሉ የተገኘው በአንድ ጀንበር አልነበረም፤ ደንብን ጠንቅቆ ማወቅን፣ አጀንዳን በወቅቱ ማስያዝን፣ የአባል አገሮችን ድምፅ አስቀድሞ ማስተባበርንና ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላው በትዕግሥት መሻገርን ጠይቋል። በአገር ውስጥም በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን የስፖርቱን አስተዳደር በኃላፊነት አገልግለዋል።

አቶ ይድነቃቸው በኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንትነት ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው አረፉ። በዚያን ጊዜ የአፓርታይድ ሥርዓት ገና አልተገረሰሰም ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋም ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1996 በጆሃንስበርግ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጥቁሮችና ነጮች በአንድነት የተሰለፉበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ከ39 ዓመታት በፊት በካርቱም ሊላክ ያልቻለው ቡድን በመጨረሻ ሜዳ ላይ ታየ። አቶ ይድነቃቸው ያን ቀን ለማየት ባይታደሉም፣ ቡድኑ ተሟልቶ የመጣው እርሳቸውና የሙያ አጋሮቻቸው ባስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ መሠረት ነበር።