በአንድ ዶላር ተኩል ትምህርት ቤት የከፈተች መምህርት

በዛሬው ጽሑፋችን የምናስተዋውቃችሁ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቲዩን የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ነው። የሙያ እናታችን ስለሆነች ታሪኳን ማወቅ ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ የተወለደችው በ1875 በደቡብ ካሮላይና፣ ሜይስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አባቷና እናቷ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ካፈሯቸው 17 ልጆች መካከል አብዛኞቹ የተወለዱት በባርነት ዘመን ሲሆን፣ እሷ ግን ባርነት በ1865 በሕግ ከቀረ ከ10 ዓመት በኋላ ነፃ ሆና ተወለደች።

ባርነቱ ቢቀርም ጣጣው አልቀረም። ቀደም ሲል በብዙዎቹ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ነበር። ስለዚህ ነፃ ከወጣው ሕዝብ ውስጥ አብዛኛው ፊደል አይለይም። ሜሪም በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ጥጥ ትለቅም ነበር። አንድ ቀን እናቷ ከምትሠራላቸው ነጮች ቤት ሄዳ መጽሐፍ ብታነሳ፣ የቤቱ ልጅ ማንበብ ስለማትችል እንድታስቀምጠው አዘዘቻት። ነገሩ ከልቧ ገባ። ማንበብ አለብኝ ብላ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት በአካባቢው ተከፈተ። ሜሪ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ እየተጓዘች ተማረች። ማታ ማታ ቤት ስትገባ የተማረችውን ለቤተሰቡ ታስተምራለች። ሒሳብ ስትችልማ የጥጡን ሚዛን ለአባቷና ለጎረቤት ታሰላ ጀመር። ከዚያም በኮሎራዶ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ከገቢዋ ቀንሳ በከፈለችላት ገንዘብ እስከ 1894 በስኮሺያ ትምህርት ቤት ተማረች። ቀጥላም ቺካጎ ገብታ ለሚሲዮናዊነት ሠለጠነች። ሕልሟ አፍሪቃ ሄዶ ማስተማር ነበር። ነገር ግን ለጥቁር ሚሲዮናዊ የሚሆን ቦታ የለም ተብላ ተመለሰች። ታዲያ ምን አደረገች? መምህር የሚያስፈልገው ጥቁር ሕዝብ እዚያው አጠገቧ መኖሩን አስተውላ በደቡብ ማስተማር ጀመረች።

በጥቅምት ወር 1904 በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና በተባለች ከተማ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራይታ የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች። በእጇ የነበረው አንድ ዶላር ተኩል ብቻ ነው። ተማሪዎቿም 5 ልጃገረዶችና የራሷ ልጅ ነበሩ። ዴስኩ የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን፣ እርሳሱ የተቃጠለ እንጨት፣ ቀለሙ ደግሞ የዱር ፍሬ ጭማቂ ነበር። ሰው የጣለውን ዕቃ ከቆሻሻ መጣያ እየለቀሙ፣ አጥበውና ጠግነው ይገለገሉበታል። የስኳር ድንች ኬክና አይስክሬም ለሠራተኞች እየሸጡም ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ኋላም የቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት ገዝታ ሕንፃ አሠራችበት።

በዚያን ጊዜ የነጮች ሆስፒታል ጥቁሮችን እንደ ሰው አያስተናግድም ነበር። አንዲት ተማሪዋ በጠና ታማ በሆስፒታሉ የጓሮ በረንዳ ላይ ብትተኛባት፣ ሜሪ ተቆጥታ በ1911 ለጥቁሮች የሚሆን ሆስፒታል አቋቋመች። ትምህርት ቤቱም በ1923 ኩክማን ከተባለው ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ ወደ ኮሌጅነት አደገ። ዛሬ በስሟ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1920 የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ጥቁሮችን ግን የማንበብ ፈተናና የምርጫ ግብር እየተባለ ከበር ይመልሷቸው ነበር። ሜሪ ለአዋቂዎች ማታ ማታ ማንበብ እያስተማረች፣ ለግብሩም ገንዘብ እየለመነች ለምርጫ አዘጋጀቻቸው። በዚህ የተናደዱት የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች በምርጫው ዋዜማ ፊታቸውን ሸፍነው ሊያስፈራሯት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። እሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በማግሥቱም ሕዝቡን አስከትላ መረጠች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መብት በወረቀት ላይ ቢጻፍም ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ምን ይፈይዳል? ሜሪ ፊደልን ከመብት ለይታ ያላየችው ለዚህ ነው።

በ1935 የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤትን መሠረተች። በ1936 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የጥቁር ወጣቶችን የትምህርትና የሥራ ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ኃላፊ ሆነች። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳን ፍራንሲስኮ ሲቋቋም በአማካሪነት ተገኝታለች። በዚያ ጉባኤ አገራችን ኢትዮጵያም ፈርማለች፤ አብዛኛው አፍሪቃ ግን በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረ ወንበር አልነበረውም። በወጣትነቷ የተከለከለችውን አፍሪቃን ያየችው በስተርጅና ነው፤ በ1952 አገሯን ወክላ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት በዓለ ሹመት ላይ ተገኘች። በ1955 በ79 ዓመቷ ዐረፈች፤ የተቀበረችውም በኮሌጁ ግቢ ነው።

በ2022 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ፍሎሪዳን ወክሎ ለብዙ ዘመን በቆመው የአንድ ጄኔራል ሐውልት ምትክ የእሷ ቆመ። ጄኔራሉ የተዋጋው ባርነትን ሊያስቀጥል ከተነሳው ወገን ጋር ነበር።

እኛ ሠልጣኞች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። ነገ ስንመደብ ጠመኔ ያንሰን፣ መቀመጫ ይጎድለን ይሆናል። ያ ሰበብ አይሆነንም። በእኛም አገር በሸክላ ሠሪነት ወይም በቆዳ ፋቂነት ወላጆቹ የተናቁበት ልጅ ከክፍል ጥግ ተገልሎ ሊቀመጥ ይችላል። ያን ልጅ ከፊት ወንበር አስቀምጦ መጽሐፉን በእጁ ማስያዝ የመምህሩ ፋንታ ነው። መጽሐፉን አስቀምጥ የሚለው ሰው መቼም አይጠፋም፤ አንብብ የሚለው ግን መምህሩ ነው።