አስቴር ጋኖ፦ ከባሪያ ጀልባ እስከ ነቀምት ትምህርት ቤት

ለሴት ልጆቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ እቴጌዎች ብዙ ነግረናቸዋል። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ግን ለሽያጭ በባሕር ስለተጫነች አንዲት ልጅ ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ነፃ ሆና ብትወለድም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነፃ ወጣች። ያኔ ጅቡቲ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም፤ ከፊት ለፊታችን ያለችው ታጁራ ግን በባሪያ ንግድ የታወቀች ወደብ ነበረች።

ነፃ መውጣት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ዘመድ የሌላት የ14 ዓመት ልጅ ወደብ ላይ ብትለቀቅ ምን እንደሚገጥማት እኛ የወደብ ሰዎች አሳምረን እናውቃለን። አስቴርን የተቀበላት በምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ነው። ከባርነት የወጡ ልጆችን አስጠግቶ ያስተምር ነበር። አብዛኞቻችን በሃይማኖት ከሚስዮኑ ብንለይም የተሠራውን መልካም ሥራ መካድ አይገባንም።

እዚያው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ናቸው። ከአገራቸው የወጡት በሕፃንነት ስለነበር ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። የአስቴርን ተሰጥኦ ያዩትም እርሳቸው ናቸው።

ከዚህ ወዲያ እኛም አንቱ እንበላቸው። አስቴር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አሰናዱ፤ በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን የተቃናው በዚሁ ሥራ ነው። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ደግሞ ከአእምሯቸው እያወጡ ጻፉ። ልብ በሉ፣ ባሪያ ሻንጣ የለውም፤ ከአገራቸው ይዘው የወጡት ይኸንኑ ብቻ ነበር። ብዙው በ1894 በታተመው የንባብ መማሪያ ገባ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ተርጉመዋል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ዛሬም ይህ መጽሐፍ ሲነሣ ሰው የሚጠራው ኦኔሲሞስን ነው፤ አስቴርን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነናል።

በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተሻገሩ። ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆኑ። ያረፉት በ1964 ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ 92 ተጠግቶ ነበር።