ንግሥቲቱ የተከተቡ ዕለት

የሩሲያዋን ንግሥት ታላቋ ካትሪንን እኛ የሕግ ሰዎች የምናውቃቸው ከሞንቴስኪዩና ከቤካሪያ እየቀዱ እ.ኤ.አ. በ1767 ባወጡት «ናካዝ» በተሰኘው የሕግ መመሪያ ነው። ማሠቃየትን ያወገዘው ይህ ሰነድ ሕግ ሆኖ አልጸደቀም፤ ገባሩንም ነጻ አላወጣም። እኔ ግን በዓመቱ የፈጸሙትን ሥራ ከናካዙ አስበልጣለሁ።

ፈንጣጣ ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም። ዳግማዊ ጴጥሮስ በ1730 ሊያገባ በተቀጠረበት ዕለት፣ ገና በ14 ዓመቱ ሞቷል። የካትሪን ባል የሣልሳዊ ጴጥሮስ ፊትም በበሽታው ጠባሳ የተበላሸ ነበር። ሕመሙ የልጆች ብቻ ነው እንዳይባል፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በ1767 በ50 ዓመታቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በ1768 ደግሞ የካትሪን ዋና አማካሪ የነበረው የኒኪታ ፓኒን እጮኛ በዚሁ በሽታ ሞተች።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈንጣጣን ይፈሩ የነበሩት ካትሪን ቶማስ ዲምስዴል የተባለ ሐኪም ከእንግሊዝ አስመጡ። የዛሬው ዓይነት ክትባት ገና አልተገኘም። ሐኪሙ የሚያደርገው በሽታው ከቀለለለት ሕመምተኛ መግል ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በጫረው ቦታ ማሳረፍ ነው። አብዛኛው ሰው ቀለል አድርጎት ይድናል፤ አልፎ አልፎ ግን ይገድላል። ንግሥቲቱ ቢሞቱ ሐኪሙ የሚያመልጥባቸው ፈረሶች በየመንገዱ ተዘጋጅተው ነበር። ንግሥት የሞተችበትን የባዕድ አገር ሐኪም የሚያድን ጠበቃ እንደማይገኝ ያውቁ ነበርና!

በኦክቶበር 1768፣ በ39 ዓመታቸው ክንዳቸውን ዘረጉ። መግሉ የተወሰደው አሌክሳንደር ማርኮቭ ከተባለ ሕፃን ነበር። ጥቂት ቀናት አተኮሳቸው፤ ዳኑ። የ14 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ጳውሎስ የተከተበው ከእናቱ በኋላ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ፍጹም ሥልጣን የያዘ ገዥ ሌላው እንዲከተብ አዋጅ ማስነገር ይቀለው ነበር። እኛስ? የልጆቻችንን የክትባት ካርድ በጥንቃቄ አስቀምጠን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለአዋቂም በየ10 ዓመቱ እንደሚደገም የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን? የተማረው ወገን ከዚህ ነቀፋ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

ዲምስዴል የባሮንነት ማዕረግ፣ 10,000 ፓውንድና በየዓመቱ 500 ፓውንድ ጡረታ ተሰጠው። ሕፃኑ ማርኮቭም ከመኳንንት ተቆጥሮ፣ ከፈንጣጣ የሩሲያኛ መጠሪያ የወጣ «ኦስፔኒ» የሚል ስም ተጨመረለት። ካትሪን ያረፉት በኖቬምበር 1796 ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር፣ ኤድዋርድ ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ የገጠር ሐኪም ከላም ፈንጣጣ የተገኘውን የመጀመሪያ ክትባቱን በአንድ ልጅ ክንድ ላይ ሞክሮ ነበር።