ደካማው ልጅና ብርቱው ፕሬዚዳንት

ሰው ከአባቱ ሀብት ይወርሳል፤ ስምም ይወርሳል። ብርታትን ግን ባለጸጋ አባት እንኳ ገዝቶ ለልጁ ሊያወርሰው አይችልም። ይህን እውነት ገና በልጅነቱ ከተረዱት ሰዎች አንዱ፥ በኋላ የአሜሪካ 26ኛ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃው ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር።

ቴዎዶር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 27 ቀን 1858 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ፥ በንግድ ከታወቀ ቤተ ሰብ ተወለደ። ምግብና ልብስ፥ የወላጅም ፍቅር አልጎደለበትም፤ ትንፋሹ ግን አልታዘዘለትም። የአስም በሽታ ሌሊት እየተነሣ ያፍነው ስለ ነበር፥ መተኛት ተስኖት በትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነበር። አባቱ አቅፎት በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሕመሙ በጸናበት ሌሊትም ሠረገላ አስጠምዶ፥ ነፋሱ ትንፋሹን ይመልስለት እንደ ሆነ በማለት በከተማው ጎዳና ያዞረዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ለዚህ በሽታ ይሰጡት የነበረው መድኃኒት ወፍራም ቡናና የሲጋራ ጢስ ነበር።

ልጁ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ሲቃረብ አባቱ ጠርቶ መከረው። የምክሩ ፍሬ ነገር፥ አእምሮው ብሩህ ቢሆንም አካሉ ካልረዳው ሩቅ ሊጓዝ እንደማይችል፥ አካሉንም የሚሠራው ከራሱ በቀር ሌላ ሰው እንደሌለ፥ ሥራውም አድካሚና አሰልቺ እንደሚሆን የሚገልጽ ነበር። ልጁም ሥራውን ሊፈጽም ቃል ገባ። አባቱ በቤታቸው ፎቅ በረንዳ ላይ የስፖርት መሣሪያ አስተከለለት። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ክብደት ማንሣትና በዘንግ ላይ መንጠልጠል ሥራው ሆነ። ለውጡ ግን በሳምንትም በወርም አልታየም።

እንዲያውም አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው አንድ የሚያሳፍር ነገር ደረሰበት። ሕመሙ ስለ ተነሣበት አየር እንዲለውጥ ወደ ሜይን ግዛት ብቻውን ተላከ። በመንገድ ላይ አብረውት የተሳፈሩ ሁለት እኩዮቹ ደካማነቱን አይተው መሣቂያ አደረጉት። ሊመታቸው ተነሣ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻውን፥ ሳይጎዳው፥ እንደ ሕፃን በቀላሉ ይዞ ሊያስቀምጠው እንደሚችል አየ። ሌላ ልጅ ቢሆን ያን ያህል ጊዜ መድከሙ ከንቱ እንደ ነበረ ቈጥሮ በተወው ነበር። ቴዎዶር ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ አባቱን አስፈቀደና ከአንድ የቀድሞ ቦክሰኛ ዘንድ ቦክስ መማር ጀመረ። ትምህርቱ ቶሎ አልገባውም፤ ብዙ ጊዜም ተመታ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ግን በአንድ ትንሽ ውድድር አሸንፎ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል የብረት ኩባያ ተሸለመ። በኋላ ዘመን ከተሰጡት ታላላቅ ክብሮች ጋር ሲነጻጸር ኩባያው ምንም አልነበረም፤ ለዚያ ልጅ ግን ትናንት ያቃተው ነገር ዛሬ እንደሚቻል የሚያስረዳ የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ።

በ1876 ዓ.ም. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላውም የሚወደው አባቱ ሞተበት። ትምህርቱን በጨረሰበት በ1880 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ሐኪም መርምሮት ልቡ ደካማ መሆኑን፥ ከእንግዲህም ደረጃ እንኳ በፍጥነት መውጣት እንደማይገባው ነገረው። በዓመቱ በስዊስና በኢጣልያ ወሰን ላይ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ወጣ። የሐኪምን ምክር መናቅ ለማንም የሚመከር አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ወጣት በፍርሃት ከመኖር ይልቅ የሚመጣውን ለመቀበል ቆርጦ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን በአካል በኩል አልነበረም። ሩዝቬልት በሃያ ሦስት ዓመታቸው ለኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ተመርጠው፥ ስማቸው መታወቅ በጀመረበት ጊዜ፥ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 ዓ.ም. እናታቸውና ባለቤታቸው በአንድ ቀን፥ በአንድ ቤት ውስጥ ሞቱ። እናቲቱ በተስቦ፥ ወጣቷ ባለቤታቸው ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለዱ በሁለት ቀናቸው በኵላሊት በሽታ ነበር የሞቱት። ሩዝቬልት ሕፃኗን ለእኅታቸው ዐደራ ሰጥተው፥ የምክር ቤቱን ዘመን ከፈጸሙ በኋላ፥ ከብት ወደሚያረቡበት ወደ ዳኮታ ምድረ በዳ ሄዱ።

በዚያ አገር የከተማ ሰው፥ ያውም መነጽር ያደረገ፥ መቀለጃ ነበር። ሩዝቬልት ግን እንደማንኛውም እረኛ ቀኑን ሙሉ በኮርቻ ላይ እየዋሉ፥ በብርድ መሬት ላይ እየተኙ፥ የደነበረ መንጋ እየመለሱ ሠሩ። አንድ ሌሊት በመጠጥ ቤት ሁለት ሽጉጥ የያዘ ሰካራም በመነጽራቸው እያፌዘ ሲያስቸግራቸው፥ በልጅነታቸው የተማሩት ቦክስ ጠቀማቸው፤ ሰውየው በቡጢ ተመትቶ ወደቀ። ሌቦች ጀልባቸውን በሰረቁ ጊዜም ሩዝቬልትና ሁለት ባልደረቦቻቸው በረዶ በሚንሳፈፍበት ወንዝ ተከታትለው ሦስቱን ሌቦች ያዙ፤ ሩዝቬልትም ለሕግ አስረከቧቸው። በ1886 እና በ1887 ዓ.ም. መካከል የነበረው ክረምት መንጋቸውን ፈጀው፥ ብዙ ገንዘባቸውም ጠፋ። ከዚያ ምድረ በዳ ግን ደረታቸው ሰፍቶ፥ ኀዘናቸውን ችለው ወጡ። በዳኮታ ባይኖሩ ኖሮ ለፕሬዚዳንትነት እንደማይበቁ በኋላ ራሳቸው መስክረዋል።

ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነው፥ ሌሊት በእግራቸው እየዞሩ በሥራው ላይ የተኛውን ፖሊስ ይቀሰቅሱ ነበር። በ1898 ዓ.ም. በኩባ ዘመቱ፤ በ1901 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ተገድለው ሲሞቱ በ42 ዓመታቸው ሥልጣኑን ያዙ። ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ ልከው በዲሴምበር 1903 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የንግድ ውል እንዲፈረም ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ሩሲያንና ጃፓንን በማስታረቃቸው የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

በቤተ መንግሥትም ስፖርትን አልተዉም፤ ከአንድ ወጣት መኮንን ጋር ቦክስ ሲጋጠሙ የግራ ዓይናቸው ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ ተጫውተዋል። የጦር መኮንኖች በየጊዜው የረጅም ጉዞ ፈተና እንዲያልፉ ባዘዙ ጊዜ አንዳንዶች ትእዛዙ ከባድ ነው ብለው አጉረመረሙ። የሃምሳ ዓመቱ ፕሬዚዳንት በጃንዋሪ 1909 ዓ.ም. በበረዶ ወጥተው፥ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአንድ ቀን በፈረስ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ማጉረምረሙ ረገበ።

ሩዝቬልት እንከን የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። ለጦርነት የነበራቸው ጉጉትና ስለ አገሪቱ የቀድሞ ባለቤቶች ስለ ሕንዶቹ የነበራቸው ንቀት ዛሬ ያስወቅሳቸዋል። አስማቸውም ፈጽሞ አልለቀቃቸውም፤ ካደጉም በኋላ አልፎ አልፎ ይመለስ ነበር። አካላቸውም በመጨረሻ ደከመ፤ በ1914 ዓ.ም. በብራዚል ጫካ ባደረጉት ጉዞ እግራቸው ቈስሎ፥ በትኵሳት ተይዘው ለሞት ደርሰው ነበር። በ1918 ዓ.ም. ታናሹ ልጃቸው በፈረንሳይ አገር በአየር ውጊያ ሞተባቸው፤ እሳቸውም በጃንዋሪ 6 ቀን 1919 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ስፖርት በሽታቸውን ካላጠፋው፥ ሞትንም ካላስቀረላቸው፥ ምን ጠቀማቸው? ጥቅሙ ይህ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚሠራ ነገር ሳይታወቅ እንደሚያድግ በገዛ አካላቸው አዩት። ይህን ያየ ሰው ኀዘን ሲመጣበት፥ ገንዘቡ ሲጠፋ፥ በሥራ ሲሸነፍ፥ የዛሬው ድካም ለዘለዓለም የተጻፈበት ፍርድ አለመሆኑን ያውቃል።

አንተ ተማሪ፥ አንተም በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የምትውል ወጣት ሹም፥ ይህን ለመጀመር በረንዳና መሣሪያ አያሻህም። ጠዋት ወደ ሥራህ በእግርህ ሂድ፤ ነገም ድገመው። ለውጡን በሳምንት ውስጥ ካላየኸው አትደነቅ፤ የኒውዮርኩም ልጅ አላየውም ነበር።